መልስ፦ አልበም ላይ የተጣበቁ የሃይስኩል ፎቶዎች

የ12ኛ ክፍል ፎቶዎችህ ሙጫ ባለው አልበም ላይ ከተጣበቁብህ በጥፍር አትቦጭቃቸው። የሚያወጣቸው የጥርስ ማጽጃ ክር ነው፤ ሰም የሌለውን ግዛ።

1. መጀመሪያ እዚያው እንዳሉ ስካን አድርጋቸው። አንዱ ቢቀደድ እንኳ ምስሉ ይተርፋል።

2. ላስቲኩን ገልጠህ 30 ሳ.ሜ. ያህል ክር በማዕዘኑ ስር አስገባና እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያልክ ውረድ። ፎቶውን ወደ ላይ አትሳብ፤ ሲጎብጥ ነው የሚሰነጠቀው።

3. እምቢ ካለ ከገጹ ጀርባ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ለጥቂት ሰከንድ አሳየውና እንደገና ሞክር።

ውሃ በፍጹም! የዚያን ጊዜ ልጆች ፎቶ ሲሰጣጡ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ብለው በብዕር ይጽፉ ነበር፤ ቀለሙ በውሃ ይፈሳል። እሱ ከጠፋ ደግሞ ግማሹ ትዝታ ሄደ ማለት ነው።

የጓደኞችህን ስም ስትጨምር በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ። እስክሪብቶ ተጭኖ ከፊት ለፊት ይታያል።

ዓመቱን ስትጽፍ ተጠንቀቅ። ካሜራው ጥግ ላይ ያተመው ቀን ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ነው፦ ሰኔ ላይ የተነሳ «93» 1985 ዓ.ም. ነው፣ ጥቅምት ላይ ከሆነ ግን 1986።