የዛገ ሻንሲ፦ ማስበየድ ወይስ መለወጥ?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 አለኝ። ሞተሩም ካምቢዮውም ደኅና ናቸው። ባለፈው ዓመት የሻንሲውን (ቦዲውና ሞተሩ የሚያርፉበትን የብረት አጽም) የኋላ ክፍል ሁለት ቦታ ላይ አስበይጄ ነበር፤ አሁን ግን ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ አዲስ ቀዳዳ ተከፍቷል። ደግሜ ላስበይድ ወይስ ሻንሲውን በሙሉ ልለውጥ?

መልስ፦ ከቀዳዳው ይልቅ ያሳሰበኝ የተከፈተበት ቦታ ነው። የዲፌንደር ሻንሲ ከብረት ላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ በመሆኑ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጭቃና ውኃ እዚያው እየተኛ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፤ ዝገቱ በውጭ በኩል በሚታይበት ጊዜ በዙሪያው ያለው ብረት ቀድሞ ሳስቷል። አዲሱ ላሜራ ጠንካራ ቢሆንም የተበየደበት ጠርዝ ከሳሳ ይለቀቃል፤ የእርስዎም መኪና የገጠመው ይኸው ይመስለኛል። ቦዲው በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነና እንደ ብረት ስለማይዝግ፣ ብዙ ባለቤቶች ከላይ የሚያዩት ደኅንነት ያዘናጋቸዋል።

ከመወሰንዎ በፊት መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ተነሥቶ፣ ጭቃው ታጥቦ፣ ሻንሲው ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ ይመታ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ አንዳንዴም ይሰረጉዳል። ጉዳቱ በኋላው አግዳሚ (የሻንሲውን ሁለት ጎኖች ከኋላ በሚያገናኘው ብረት) ብቻ ከተወሰነ አግዳሚውን ለብቻው መለወጥ ይበቃል። የሞላዎቹ መቀመጫዎችና የአክስሉ ክንዶች የሚታሰሩባቸው ቦታዎች ከተበሉ ግን፣ የመኪናውን ክብደትና የፍሬኑን ኃይል የሚሸከሙት እነዚህ ስለሆኑ፣ ሳያመነቱ ሻንሲውን እንዲለውጡ እመክራለሁ።

ሲገዙ ቀለም ብቻ ከተቀባው ይልቅ በቀለጠ ዚንክ የተነከረውን ይምረጡ። 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ዚንክ ውስጥ ስለሚጠመቅ የቱቦው ውስጠኛ ገጽም ይሸፈናል፤ ቢጫር እንኳ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቀዋል። ወደፊት ብየዳ ቢያስፈልግ፣ የዚንክ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ስለሚያስከትል፣ ዚንኩ አስቀድሞ ከቦታው ተሞርዶ ይነሣ።

ሻንሲ ሲለወጥ ከሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው የዛጉ ብሎኖችን መፍታት ነው። የፍሬን ቱቦዎቹንና ጎሚኒዎቹን ሁሉ በዚሁ አጋጣሚ ይለውጡ፤ ቦዲው ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ እነርሱን ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው። የሽቦዎቹን መስመር ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታም ቀለም የሌለበት ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቅደም፦ የሻንሲ ቁጥሩ በአሮጌው ብረት ላይ የተመታ ስለሆነ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ መኪናውን የሚመዘግበውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሮጌውንም ሻንሲ የመሥሪያ ቤቱ ምርመራ እስኪጠናቀቅ ድረስ አይጣሉት።