ትራንዚስተር በሲሙሌተር ለመማር ለጠየቅሽው፦ ብር ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የኤሌክትሪካል ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ትራንዚስተር አልገባኝም፣ ዕቃ መግዣ ብር የለኝም፣ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ ፕሮቲየስ የሚባለውን ሲሙሌተር (ሰርኪት ኮምፒውተር ላይ መሞከሪያ ሶፍትዌር) የሚያስተምር ማሠልጠኛ ልመዝገብ ወይ ነው ያልሽው። ግማሹ ሰው «ተመዝገቢ» ብሎሻል። እኔ ተመዝግቤ ያየሁ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሺኝ።

1. ብርሽን ያዢ። ኤልቲስፓይስ የሚባለው ሲሙሌተር ነጻ ነው፤ የሚያወጣው አናሎግ ዲቫይስስ ነው። ክራክ ፍለጋ ቴሌግራም ላይ መንከራተት የለም፣ ከክራኩ ጋር የሚመጣ ቫይረስም የለም። ባንቺ ላፕቶፕ ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ እሱን ቻዪው። ከረንት በሽቦ ሲሄድ በዓይንሽ ማየት ካማረሽ ደግሞ ፋልስታድ የሚባለውን ብሮውዘር ላይ ክፈቺ።

2. ሰርኪት ከዩቲዩብ ገልብጠሽ «ራን» አትበዪ። ማሠልጠኛው ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። አስተማሪው ፕሮጀክተር ላይ ይስላል፣ እኛም እንስላለን፣ ማስጀመሪያውን እንጫናለን፣ ኤልኢዲው ይበራል፣ ጭብጨባ። አንድ ቀን ቤዙ (ትራንዚስተሩን የሚያዘው እግር) ላይ ለምን የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እንደገባ ጠየቅሁ። 1 ኪሎ ቢሆንስ? «እሱ ኮርሱ ውስጥ የለም» አለኝ። በቃ። ቢሮ ሄጄ ቀሪ ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሰርተፊኬት አትፈልግም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ደረሰኜን ተቀብላ ገለበጠችና «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለውን ማኅተም በጥፍሯ አሳየችኝ። ሰርተፊኬቱን ወስጃለሁ፣ ብሬ ነዋ። እስካሁን አሳየን ያለኝ ቀጣሪ የለም።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ወረቀት አውጪና የተለመደውን ባለ አራት ሬዚስተር አምፕሊፋየር ሥዪ። ምንጩ 12 ቮልት። ከ12ቱ ወደ ቤዝ 47 ኪሎ ኦም፣ ከቤዝ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ፣ ከ12ቱ ወደ ኮሌክተር 4.7 ኪሎ፣ ከኢሚተር ወደ ግራውንድ 1 ኪሎ (ኮሌክተርና ኢሚተር ሌሎቹ ሁለት እግሮች ናቸው)። ሶፍትዌሩን ሳትነኪ አስቢው። ቤዙ 2.1 ቮልት ገደማ ይሆናል። በቤዝና በኢሚተር መካከል የሚቀረውን 0.65 ቮልት ስትቀንሺ ኢሚተሩ 1.4 አካባቢ ይቀመጣል። 1.4 ቮልት በ1 ኪሎ ላይ 1.4 ሚሊአምፒር ነው። ያው ከረንት በ4.7 ኪሎው ሲያልፍ 6.6 ቮልት ይወስዳል፣ ኮሌክተሩ 5.4 ላይ ይቀራል። ራን የሚባለው ይህን ከጻፍሽ በኋላ ነው። ኦፒ የሚለውን ትእዛዝ ስጪው፣ ቮልቴጆቹን ይዘረዝርልሻል። ትንሽ ቢለይ አትደንግጪ፣ የቤዙን ከረንት ስለናቅነው ነው። በጣም ከራቀ ግን ወይ ስሌትሽ ወይ ሽቦሽ ተሳስቷል።

ቀጥሎ ቤታውን (የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙን ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር) ከ100 ወደ 300 ቀይሪ። ኮሌክተሩ ብዙም አይነቃነቅም። አሁን 47ቱንና 10ሩን አውጪ፣ ኢሚተሩን ቀጥታ ግራውንድ ላይ አድርጊ፣ ቤዙን በአንድ 1.6 ሜጋ ኦም ብቻ ከ12ቱ ጋር አገናኚ። በቤታ 100 ኮሌክተሩ 8.7 ቮልት ገደማ ነው። በ300 ወደ 2 ቮልት ይወርዳል! ቢሲ547ቢ የሚባለው አንድ የትራንዚስተር ሞዴል ብቻ እንኳ ከ200 እስከ 450 ቤታ ሊኖረው ይችላል። ከአንድ ፌስታል የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች አንድ አይደሉም ማለት ነው። መጽሐፉ ለምን አራት ሬዚስተር እንደሚያበዛ የገባኝ ያኔ ነው፤ ያውም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በነጻ።

ያችን 1.6 ሜጋ ስትጽፊ ግን ተጠንቀቂ። ኤልቲስፓይስ ከቁጥሩ ጎን ኤም ብቻ ካየ ሚሊ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ትልቁን ፊደል ብትጽፊም ያው ነው። ኤም፣ ኢ፣ ጂ ብለሽ ሦስቱንም ፊደል ጻፊ። አለዚያ ቤዙን ቀጥታ 12 ቮልት ላይ ሰክተሽዋል፣ እሱም ምንም አይልሽም።

3. ሲሙሌተር ውስጥ ትራንዚስተር አይቃጠልም። አብሮኝ የሠለጠነ ልጅ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሳ ሰርኪት ሠራ። ባለ 12 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) በቢሲ547። ስክሪን ላይ ምን የመሰለ ነበር። ብሬድቦርድ (ዕቃ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ግን ሪሌዩ ሁለት ሦስቴ ቀጭ ቀጭ አለና ጸጥ። ትራንዚስተሩን ቀየረ፣ እሱም ጸጥ። «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ መርካቶ ድረስ ሄዶ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጨቀ። ባለሱቁ ምን አደረገ? ሪሌይ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ከረንቱ ድንገት ሲቋረጥ ቮልቴጁ መቶዎች ውስጥ ይገባል። ቢሲ547 የሚችለው 45 ቮልት ነው። ያ ከረንት መሄጃ እንዲያገኝ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ካቶዷን ወደ ፕላስ አዙሬ ሪሌዩ ላይ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ፓምፑ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ምስጋናው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

ኤልቲስፓይስ ላይ ሪሌዩን በኢንዳክተርና በሬዚስተር ተክተሽ ሞክሪው። የኮሌክተሩ ግራፍ ሲተኮስ ታያለሽ፣ ትራንዚስተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ስለዚህ ዳታሺቱን (ዕቃው ስንት እንደሚችል የሚዘረዝረውን የአምራቹን ወረቀት) ጎን ለጎን ክፈቺ። አልት ይዘሽ ትራንዚስተሩን ብትጫኚው ስንት ዋት እንደሚፈጅም ያሳይሻል።

ሲሙሌተሩ የትኛው እግር የቱ እንደሆነም አይነግርሽም። ጠፍጣፋው ፊቱ ወዳንቺ ሆኖ ቢሲ547 ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ነው። 2ኤን3904 የሚባለው ትራንዚስተር ተቃራኒው ነው። 2222 የሚል የተጻፈበት የፕላስቲክ ትራንዚስተር ደግሞ እንደ ሞዴሉ ሁለቱንም ዓይነት ታገኛለሽ። መልቲሜትሩን የዳዮድ መለኪያው ላይ አድርገሽ ለኪው፤ ከቤዝ ወደ ኢሚተር ያለው ንባብ ከቤዝ ወደ ኮሌክተር ካለው በትንሹ ይበልጣል።

ለዕቃው አታስቢ፤ ከተበላሸ ሬዲዮና ፓወር ሰፕላይ ነቅለሽ ትጀምሪያለሽ። ለማሠልጠኛው ካሰብሽው ብር ግማሹን እንኳ ሳትጨርሺ መልቲሜትር ትገዢበታለሽ። አራት ሬዚስተሩን ሠርተሽ ካልወጣልሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ። ግን የስክሪኑን ፎቶ ብቻ እንዳታመጪ፣ በእጅሽ ያሰብሽውንም ቁጥር ጨምሪበት።