ጥያቄና መልስ፦ «ካቶሊክ ሆኜ ማደጌ ነው እምነቴን ያሳጣኝ» ይላል ወንድሜ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ሶዶ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደብሊን፣ አየርላንድ ይኖራል። ባለፈው ስንደዋወል «እኔ ከእንግዲህ አላምንም፤ እምነቴን ያሳጣኝም ያ አስተዳደጋችን ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ አንድ እሑድ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ውሃ ውጦ፣ ሳይናገር ቆረበ። ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩን ሰው ይህን ሲሰሙ «አሁን ብትሞት ገሃነም ነበርክ» አሉት። ከዚያ በኋላ ለወራት ማታ ማታ መተኛት ይፈራ ነበር። እኛ እስካሁን አናውቅም ነበር። እኔ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ዘንድሮ የመጀመሪያ ቁርባኗን ትቀበላለች። እውነት የካቶሊክ አስተዳደግ ሰውን እምነት ሊያሳጣ ይችላል? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ላንቺም ይሁን። አዎ፣ ሊያሳጣ ይችላል።

«ውጭ አገር ነው ያበላሸው» ወይም «ሰይጣን ነው» እንድልሽ የሚጠብቁ እንዳሉ አውቃለሁ። ለእኛ ለአስተማሪዎች ይህ መልስ በጣም ይመቸናል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ከእኛ ላይ ያነሳልናል። ግን ወንድምሽ የነገረሽ ደብሊን ስለሆነው ነገር አይደለም። ሶዶ ላይ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነው ነው።

መጀመሪያ የውሃውን ነገር ላጥራልሽ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ውሃ የቁርባንን ጾም አይሽርም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1953 የወሰኑት ነው። ከዚያ በፊት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃም ቢሆን አይቀመስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የምግቡ ጾም ከቁርባን በፊት ወደ ሦስት ሰዓት ርዝመት፣ በ1964 ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ወረደ። ይህ የላቲን ሥርዓት ደንብ ነው፤ ሶዶም የሚቀደሰው በዚሁ ሥርዓት ነው። (በግዕዝ ሥርዓት የምትቆርቡ አንባቢዎች ልማዱ ሌላ ነውና ቆሞሳችሁን ጠይቁ።) እንግዲህ ወንድምሽ ያን ዕለት የጣሰው ሕግ አልነበረም። ያ አስተማሪ ምናልባት ከራሳቸው አስተማሪ፣ እሳቸውም ከቀደሙት የሰሙትን ነው የነገሩት። ልጁ ሳይወለድ የተሻረ ደንብ መጥቶ አንድ ሕፃን እንቅልፍ ነሣ። ይህን ሳስበው ይከብደኛል።

ደንቡ ባይሻርስ? ያኔም ቢሆን ገሃነም የሚያስገባ አልነበረም። ቤተክርስቲያናችን አንድ ኃጢአት የሞት ኃጢአት የሚሆነው ሦስት ነገር አብሮ ሲገኝ ነው ትላለች፦ ነገሩ ራሱ ከባድ ሲሆን፣ ሰውዬው ከባድነቱን በደንብ ሲያውቅ፣ አውቆም በፈቃዱ ሲያደርገው። ጥርሱን ሲቦርሽ ውሃ ያመለጠው ልጅ ከሦስቱ አንዱም የለበትም። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ግን ማስፈራራት ከማስረዳት ይቀልላል፣ ልጆቹም ቶሎ ጸጥ ይላሉ።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቁምስና ውስጥ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «እግዚአብሔር ይሁዳ አሳልፎ እንደሚሰጠው ካወቀ ለምን ፈጠረው?» አለኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ከማለት ይልቅ «እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ኃጢአት ነው፣ ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት መጣ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ጠመኔ ሲሰባብር ዋለ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ዛሬ ያምን አያምን አላውቅም፤ የማውቀው ያን ዕለት በሩን የዘጋሁበት እኔ መሆኔን ነው።

ይህን የምልሽ ከራሴ አመንጭቼ እንዳይመስልሽ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ባወጣው ሰነድ ስለ እግዚአብሔር የለሽነት ሲናገር፣ ለዚህ ነገር መወለድ አማኞችም ትንሽ የማይባል ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል፤ የእምነት ትምህርትን ችላ ሲሉ፣ ትምህርቱን አጣመው ሲያስተምሩ፣ ወይም ኑሯቸው ከሚሉት ጋር ሳይገጥም ሲቀር የእግዚአብሔርን ፊት ከመግለጥ ይልቅ ይሸፍኑታል ይላል። ጳጳሳት ተሰብስበው ስለ ራሳቸው ሰዎች ይህን መጻፋቸው ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ወንድምሽ የሚኖርበትን አገር አስቢ። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር ካቶሊኮች ዘጠኝ ያህሉ በየሳምንቱ ያስቀድሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደብሊን ፊኒክስ ፓርክ ሲቀድሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ። ከዚያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ትልልቅ የምርመራ ሪፖርቶች ወጡ። አንዱ ገዳማውያን ማኅበራት በሚያስተዳድሯቸው ተቋማት ሕፃናት ላይ ለአሥርት ዓመታት የደረሰውን ድብደባና መደፈር ዘረዘረ። ሌላው የደብሊን ሀገረ ስብከት በሕፃናት ላይ በደል የፈጸሙ ካህናትን እንዴት ሲሸፍን እንደነበር አሳየ። በ2010 በነዲክቶስ 16ኛ ለአየርላንድ ካቶሊኮች ደብዳቤ ጽፈው ማፈራቸውንና ጸጸታቸውን ገለጹ። በሕዝብ ቆጠራ «ካቶሊክ ነኝ» ያለው በ2016 79 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2022 69 በመቶ ሆነ። የቀነሰው ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ኑሮውም ተቀይሯል፣ ዘመኑም። ግን ወንድምሽ ሥራ ቦታ ቡና አብሮት የሚጠጣ አየርላንዳዊ እናቱ ያደገችበትን ተቋም ሲያወራለት፣ የራሱ የዘጠኝ ዓመት ሌሊት ትዝ ቢለው አይገርምም። እዚያ ሄዶ እምነቱን አላጣም፤ ሆዱ ውስጥ ይዞት የኖረውን የሚናገርበት ቋንቋ ነው ያገኘው።

እዚህ ላይ ግን ልቆም። አንቺ «እንግዲያው ልጄን ምን ላድርጋት» ብለሽ መጨነቅሽ አይቀርም። አስተዳደግ ብቻውን ሰውን አያሳምንም፣ ብቻውንም አያስክድም። ፈረንሳዊውን መናኝ ቻርልስ ደ ፉኮን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1858 ስትራስቡርግ ተወለደ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ፣ የሚወዱት አያቱ በካቶሊክ እምነት አሳደጉት። ቢሆንም በጉርምስናው እምነቱን ጣለ፣ ለዓመታትም ያለ እምነት ኖረ። ሞሮኮ ሲሄድ የሙስሊሞቹ ጸሎት ልቡን ነካው። ፓሪስ ሲመለስ ደግሞ አንዲት የአክስት ልጅ ነበረችው፣ ሳትሰብከው በደግነት ብቻ የምታቀርበው። በ1886 ተመለሰ፣ በ2022 ቅዱስ ተባለ። እንግዲህ በፍቅር ያደገም ይሄዳል፣ የሄደም ይመለሳል፣ የማይመለስም አለ። ልጅሽን በቀመር ልታሳድጊያት አትችዪም።

ወንድምሽን ምን ልበለው ላልሽው፣ መጀመሪያ የማትዪውን ልንገርሽ። «አንተ ያጣኸው እውነተኛውን እግዚአብሔር ሳይሆን የተሳሳተውን ሥዕል ነው» አትበዪው። ይህን ብዙ አስተማሪዎች ይወዱታል፣ እኔ ግን አልወደውም። ትልቅ ሰው ነው፣ አላምንም ካለ አላምንም ማለቱ ነው፤ ልቡን ከሱ በላይ እናውቃለን ማለት ሌላ ድፍረት ነው። የስብከት ቪዲዮም በቴሌግራም አትላኪለት። የምትዪው ይህን ነው፦ «ያን ጊዜ የተባልከው ውሸት ነበር። ውሃ ጾም አይሽርም። አላወቅንልህም፣ ይቅርታ።» እዚያ ላይ ዝም በዪ። ሌላ ነገር አትቀጥዪበት፤ በተለይ «ስለዚህ አሁን ተመለስ» የምትለዋን።

የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ልጇ ከቤተክርስቲያን ውጭ ከሆነ እምነት ሰዎች፣ ከማኒ ተከታዮች ጋር በሄደ ጊዜ አንድ ጳጳስ ጋ ሄዳ «እባክህ አነጋግርልኝ፣ ተከራከርልኝ» ብላ ለምና ነበር። ጳጳሱ እምቢ አላት። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከነዚያው ሰዎች መካከል ያደገ፣ በኋላም በራሱ አንብቦና አስቦ የወጣ ሰው ነበር። «ተዪው፣ ለሱ ወደ ጌታ ብቻ ጸልዪ» አላት። እሷ ግን እያለቀሰች ነዘነዘችው፤ መጨረሻ ላይ ሰለቸውና «በቃ ሂጂ፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ አይጠፋም» ብሎ ሸኛት። አውግስጢኖስ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ387 ነው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ። ሰዎች የእንባዋን ነገር ይደጋግሙታል። እኔን የሚገርመኝ የጳጳሱ አለመከራከር ነው።

የልጅሽ ነገር ይቀላል። በሳምንት አንድ ቀን ትምህርተ ክርስቶስ ውላ ስትመጣ «ምን ተማርሽ» ብቻ ሳይሆን «ምን አስፈራሽ፣ ምን አልገባሽም» በያት። የማታውቂውን ከጠየቀችሽ አላውቅም በዪ፤ አባን አብራችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያ ኑዛዜዋን ቀድማ ቤት ውስጥ እንዳትለማመደው፣ ኃጢአቷንም አንቺ እየቆጠርሽ እንዳትሰጫት። ሐዋርያው «አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ያለው ለእናቶችም ይሠራል፣ ለአስተማሪዎችም።

ወንድምሽ ለበዓሏ መምጣት ከቻለ ይምጣ። ካልቆረበ ማንም ቀና ብሎ እንዳያየው ለዘመዶቻችሁ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በተለይ ለአክስቶች። ጠዋት ከቤት ስትወጡም ልጅቷ ጠማኝ ካለች፣ እሱ እያየ ውሃ ስጫት።