የታረደ ዶሮን ደረጃ በካሜራ መለየት፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ እኛ ዶሮ የምንመርጠው ደረቷን ዳብሰን፣ በእጃችን አንሥተን መዝነን ነው። ካሜራ ይህን እንዴት ይተካል?

መልስ፦ መዳበሱን አይተካም። ካሜራው የሚያየው ታርዶና ላባው ተነጭቶ በመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያልፈውን ዶሮ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ከምስሉ ላይ የበለዘ ሥጋን፣ የተቀደደ ቆዳን፣ የቀረ ላባንና የተሰበረ ክንፍን ይለያል። በአሜሪካ በአንድ መስመር በደቂቃ እስከ 140 ዶሮ የሚያሳልፉ ፋብሪካዎች ስላሉ፣ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ ከግማሽ ሰኮንድ ያነሰ ነው፤ የሰው ዓይን ይህን ቀኑን ሙሉ ሊችለው አይችልም። ክብደትን ግን ለሚዛን መተው ይሻላል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አንድ ገዢ «ታፋቸው በልዟል» ብሎ ዋጋ ቀነሰብኝ። እኔ ያስረከብኩት ግን ጤነኛ ዶሮ ነበር። ካሜራ እንዲህ ያለውን ክርክር ይፈታል?

መልስ፦ በከፊል ይፈታል፤ ምክንያቱም ብልዘት በጊዜ ብዛት ቀለሙን ይለውጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ይሆናል፣ በ12 ሰዓት ገደማ ወደ ጥቁር ቀይና ሐምራዊ ይጠጋል፣ በ24 ሰዓት አረንጓዴ ይቀላቀልበታል፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ ዶሮዎቹ ባስረከቧቸው ዕለት ከታረዱና ቁስሉ አረንጓዴ ከሆነ ጉዳቱ የደረሰው ከርክክቡ በፊት ነው፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ግን ሲያዙ፣ ሲጫኑ ወይም ሲሰቀሉ የመጣ ነው። እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥለው የተጓዙ ዶሮዎች ታፋቸው ቢበልዝ አይግረምዎ። ምስሉ የሚጠቅመው ግን የርክክቡና የእርዱ ሰዓት አብሮ ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በውጭ አገር የሠለጠነ ሶፍትዌር ለአካባቢያችን የአገር ዝርያ፣ ለቲሊሊ ዶሮ፣ ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ ቢወሰድ አላምነውም። በደረተ ሰፊና ላባው ነጭ በሆነ የውጭ ዝርያ የተማረ ሶፍትዌር፣ ደረቱ ጠባብ የሆነውን የአገር ዶሮ «የከሳ»፣ ከተነጨ በኋላ ቆዳው ላይ የሚቀረውን የጥቁር ላባ ሥር ደግሞ «ቆሻሻ» ሊለው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው መመዘኛው ራሱ ነው። በአሜሪካ የኤ፣ የቢ እና የሲ ደረጃ አሰጣጥ የቆዳ መቀደድ ደረጃ ያስቀንሳል፤ የክንፍ ጫፍ መጉደል ግን ኤ ከመባል አያግድም። ለዶሮ ወጥ የምትገዛ እመቤት ቆዳውን ገፋ ስለምትጥለው ቅዳዱ ምኗም አይደለም፤ 12ቱን ብልት ስታወጣ የተሰበረ ቅልጥም ብታገኝ ግን ታዝናለች። ስለዚህ መጀመሪያ ደረጃውን ከገዢዎቻችሁ ጋር ወስኑ። ከዚያም ሁለት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች አንድ ዓይነት 200 ምስሎችን ለየብቻ ደረጃ ይስጧቸው፤ እነሱ ካልተስማሙ ማሽኑም የሚማረው አለመስማማታቸውን ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራው ሳልሞኔላን፣ ማለትም በዶሮ ሥጋ የሚተላለፈውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ ያሳያል?

መልስ፦ አያሳይም፤ እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ በምን እንጀምር?

መልስ፦ በመብራት ጀምሩ። እርጥብ ቆዳ ስለሚያንጸባርቅ፣ አምፖሉ በቀጥታ ካረፈበት ነጸብራቁ ብልዘቱን ይሸፍነዋል። ብርሃኑን በነጭ ስስ ላስቲክ አለዝቡት፣ ከዶሮው ጀርባ የማያብረቀርቅ ጥቁር መደብ አድርጉ፣ የመስኮቱን ፀሐይ ከልሉ፤ በየጠዋቱም አንድ ዓይነት የቀለም ካርድ (የማይለወጡ ቀለሞች የታተሙበት ወረቀት) ፎቶ አንሥታችሁ ቀለሙ ከትናንቱ ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። ይህ ከተሟላ ለሙከራ የደህና ስልክ ካሜራ ይበቃል።