እናቴ በ58 ዓመቷ አንጓዋ ተሰበረ፤ አባቴንስ ያሰጋዋል?

ሰላም እህቴ። እናትሽ ደረጃ ላይ ሳይሆን ደልዳላ ወለል ላይ ተንሸራተው የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ጄሶ ታስሮላቸው፣ ከዚህ ሌላ የሚደረግ ነገር አለ ወይ ብለሻል። የ76 ዓመት አባትሽንም ጠይቀሻል። ለሁለቱም መልሱ አዎ ነው።

ከ50 ዓመት ዕድሜ በፊት ስብራት የሚበዛው ወንድ ላይ ነው፤ በሥራ፣ በስፖርትና በመኪና አደጋ ምክንያት። ከ50 በኋላ ይገለበጣል። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን ይቀንስና አጥንት ከሚገነባው የሚፈርሰው ይበልጣል። ቀድሞ የሚሳሳው ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነው ክፍል ነው፤ አንጓና አከርካሪ። ስለዚህ በ50ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ አንጓ፣ ቀጥሎ አከርካሪ፣ ከ75 ወዲያ ደግሞ ዳሌ ይበዛል።

አወዳደቁም አብሮ ይለወጣል። የእናትሽ ዕድሜ ያለ ሰው ፈጠን ብሎ ስለሚራመድ ወደፊት ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፣ ክብደቱንም መዳፉ ይቀበላል። በ80 ዓመት እርምጃ አጭር ነው፤ እጅ ሳይደርስ ሰውነት ወደ ጎን ዳሌ ላይ ያርፋል። የዳሌ ስብራት አብዛኛው የሚመጣው እንዲህ ካለ የጎን አወዳደቅ ነው።

አሁን ለእናትሽ፦ ጄሶው እንዳለ ጣቶቻቸውንና ትከሻቸውን በየቀኑ ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፤ ካልሆነ አጥንቱ ገጥሞ እጁ ደርቆ ይቀራል። ጣት ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ሳያድሩ ይመለሱ። ከዚያ የአጥንት ጥግግት ምርመራ (ዴክሳ) ይጠይቁ። ቲ-ስኮር (አጥንትን ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው የምርመራው ቁጥር) -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው። ውጤቱ ከዚህ ትንሽ ቢሻልም፣ ከቆሙበት ወድቀው መሰበራቸው ብቻውን ቀጣዩን ስብራት ያቀርበዋል፤ ይህንን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። አሌንድሮኔት (የአጥንት መሳሳት መድኃኒት) ከታዘዘላቸው በሳምንት አንዴ 70 ሚሊ ግራም ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ። ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይተኙ፣ ሳይበሉ። ከቡና፣ ከወተት ወይም ከካልሲየም ክኒን ጋር ከተወሰደ ወደ ደም ሳይገባ ይባክናል፤ ከተኙ ደግሞ ጉሮሮ ያቆስላል።

ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚዘነጋው ይህ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች ከ3ቱ አንዷ፣ ከወንዶች ከ5ቱ አንዱ በሳሳ አጥንት ምክንያት ይሰበራል። ወንድ ዘግይቶ ይሰበራል እንጂ አያመልጥም፤ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የመሞት ዕድሉ ከሴት ይበልጣል። ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ከ3 ወር በላይ ከወሰዱ፣ መጠጥ ካበዙ ወይም ለፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና ከተደረገላቸው ሥጋቱ ይጨምራል።

ከወደቁ ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ አታንሷቸው፣ አምቡላንስ ጥሩ። "ቆሞ ተራምዷል፣ አልተሰበረም" የሚለው ክፉ ስሕተት ነው፤ የተሰበረው ጫፍ እርስ በርሱ ከተሰካ ሰው ሊራመድ ይችላል፣ የመጀመሪያው ራጅም ሊስተው ይችላል። ሕመሙ ካልለቀቀ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ መተኛት ሲረዝም የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የመኝታ ቁስል ይከተላሉ።

የአከርካሪ ስብራት ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ የጡንቻ ሕመም ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱንም ጫማ አስወልቀሽ ግድግዳ ላይ ለኪያቸው። ከወጣትነት ቁመታቸው 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካጠሩ፣ ሕመም ባይኖራቸውም የጀርባ ራጅ ይነሡ።