የሕክምና ምልክት የሆነው እባብ ከጣዖት የመጣ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ነርስ ነኝ፤ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። ጋውኔ ላይ በትር ላይ የተጠመጠመ እባብ ያለበት ባጅ አለ። በማኅበራችን ያለች አንዲት እኅት «ይሄ የግሪክ ጣዖት ነው፤ ደረትሽ ላይ ሰይጣን ለጥፈሽ እንዴት ትቆርቢያለሽ?» አለችኝ። አንድ ወንድም ደግሞ «የለም፣ ሙሴ የሰቀለው የናስ እባብ ነው፤ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። ማንን ልስማ? በምረቃችን ቀን የማልነው መሐላም አሁን ያስጨንቀኝ ጀምሯል። ባጁን ላውልቀው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ባጁን አታውልቂው። ነገር ግን ወንድማችን የነገረሽን ምክንያት ይዘሽም አትጽናኚ። ታሪኩን በተመለከተ ወደ እውነቱ የቀረበችው እኅታችን ናት። የተሳሳተችው ከታሪኩ ባወጣችው ፍርድ ላይ ነው።

በበትር የተጠመጠመው አንድ እባብ የአስክሌፒዮስ ምልክት ነው። አስክሌፒዮስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የአፖሎ ልጅ ነው። ሕክምናን የተማረው ኪሮን ከሚባል፣ ግማሹ ሰው ግማሹ ፈረስ ከሆነ አስተማሪ ነው ይላሉ። ሙያው እየጠለቀ ሄዶ ሙታንን ማስነሳት ሲጀምር ዜውስ ተቆጥቶ በመብረቅ ገደለው። በሆሜር ግጥም ውስጥ ስሙ የሚነሳው እንደ አንድ ጎበዝ ሐኪም ብቻ ነው። በኋላ ዘመን ግን አምላክ አድርገው መቅደስ ሠሩለት።

ትልቁ መቅደሱ የነበረው በግሪክ አገር በኤጲዳውሮስ ነው። ሕመምተኛው በውኃ ይነጻል፣ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ከዚያ በተለየ አዳራሽ ውስጥ ይተኛል። ሌሊት አምላኩ በሕልም መጥቶ ይፈውሰኛል ብሎ ይጠብቃል። መርዝ የሌላቸው እባቦች በቅጥሩ ውስጥ እንደ ልባቸው ይሄዱ ነበር። ድኛለሁ ያለ ሰው የዳነለትን እጅ ወይም እግር በሸክላ አሠርቶ እዚያው ያኖራል። ለምን እባብ? አንዱ ምክንያት ቆዳውን ገፎ አዲስ ሆኖ መታየቱ ነው። ይህ ለእነርሱ የመታደስና የጤና ምልክት ነበር።

አምልኮው በዚያ አልቀረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ293 ሮም በወረርሽኝ ተመታች። ሮማውያን ወደ ኤጲዳውሮስ መልእክተኞች ላኩ። ከመቅደሱ አንድ እባብ በመርከብ አመጡ፤ ሮም ሲደርስ በጢቤር ወንዝ መካከል ወዳለችው ደሴት ገባ ተብሎ ይተረካል። በ291 እዚያ መቅደስ ተመረቀ። ዛሬ በዚያው ቦታ በሐዋርያው በርተሎሜዎስ ስም የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ በደሴቲቱ ላይም ሆስፒታል አለ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ፋርማሲ በር ላይ የምታዪው ጽዋና እባብም ከዚሁ ቤት ነው፤ የአስክሌፒዮስ ልጅ ናት የሚሏት የሂጊያ ምልክት ነው። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው በትር ግን ሌላ ነው። እርሱ የአማልክት መልእክተኛና የነጋዴዎች ጠባቂ የሚባለው የሄርሜስ በትር ነው። ከሕክምና ጋር የተያያዘው በአብዛኛው በስሕተት ነው። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1902 ከወሰደው በኋላ በብዙ ቦታ ተለመደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ዓርማውን ሲመርጥ የወሰደው ባለ አንዱን እባብ፣ የአስክሌፒዮስን ነው። ድርጅቱም ይህን አይደብቅም።

ስለዚህ «የሙሴ እባብ ነው» ማለት ለነገሩ የማይመጥን መሸፈኛ ነው። ግሪኮች ከሙሴ ወሰዱት የሚሉ አሉ፤ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። እምነታችን እንዲህ ባለ ታሪክ መደገፍ አያስፈልገውም።

እሺ፣ ከጣዖት ቤት ከመጣ ለምን አላወልቀውም ትይኛለሽ። ሁለት ቦታ ላንብብልሽ፤ ሁለቱም ከሐዋርያት ሥራ ናቸው።

ምዕራፍ 14 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ በልስጥራ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ሽባ የነበረውን ሰው ፈወሰ። ሕዝቡ በርናባስን ዜውስ፣ ጳውሎስን ሄርሜስ ብሎ ጠራቸው። አዎ፣ ያ ባለ በትሩ ሄርሜስ። ካህኑ ኮርማዎችንና የአበባ አክሊሎችን አምጥቶ ሊሠዋላቸው ቀረበ። ሐዋርያት ልብሳቸውን ቀደዱ። ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጠው እየጮኹ ከለከሉ።

አሁን ወደ ምዕራፍ 28 ሂጂ። ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት እፉኝት ነደፈው፣ አልጎዳውምም። የፑፕልዮስን አባት ከንዳድና ከተቅማጥ ፈወሰ። ከሦስት ወር በኋላ ደሴቲቱን ሲለቁ የተሳፈሩት በእስክንድርያ መርከብ ነው። በመርከቡ ላይ የዲዮስቆሮስ ምልክት እንደ ነበረበት ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። ዲዮስቆሮስ የሚባሉት የዜውስ መንታ ልጆች ናቸው፤ የግሪክ መርከበኞች ጠባቂዎቻችን ናቸው ብለው ያመልኳቸው ነበር። ጳውሎስ ግን «በዚህ አልሄድም» አላለም። ምልክቱን ፍቁልኝም አላለም። ተሳፍሮ ወደ ሮም ሄደ። ይህን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነው፤ በዚያው መርከብ አብሮት ነበር።

ያው ሐዋርያ በልስጥራ ልብሱን ቀደደ፣ በመላጥያ ዝም ብሎ ተሳፈረ። በልስጥራ የተጠየቀው አምልኮ ነው። በመላጥያ ግን መርከቡ ማጓጓዣ ብቻ ነበር፤ ለመንታዎቹ እንዲሰግድ ማንም አልጠየቀውም። አንቺም ጠዋት ጋውንሽን ስትለብሺ ለአስክሌፒዮስ አታጥኚም። ባጁ የሚናገረው ነርስ መሆንሽን ነው፤ የሚያየው ሕመምተኛም ይህንኑ ነው የሚረዳው።

ከሙሴ እባብም ይህንኑ እንማራለን። በዘኍልቍ 21 እግዚአብሔር ራሱ ሙሴን «እባብ ሠርተህ ስቀል» አለው። መጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 16 ደግሞ ወደ እርሱ የተመለከተው ሰው የዳነው ባየው ነገር ሳይሆን የሁሉ መድኃኒት በሆነው አምላክ እንደ ሆነ ይነግረናል። ጌታችንም ለኒቆዲሞስ ስለ ስቅለቱ ሲያስተምር ይህን አነሣ። ሆኖም ዘመን አልፎ ሕዝቡ ለዚያ እባብ ማጠን ሲጀምር ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ ነገር እንኳ ሲመለክ ተሰበረ። እንግዲህ ፍርዱ በቅርጹ ላይ ሳይሆን በምናደርገው ነገር ላይ ነው።

ስለዚህ አንቺ የምትጠነቀቂው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ ሰው የእባቡን ምልክት «ይጠብቀኛል» ብሎ እንደ ክታብ በአንገቱ ሊያንጠለጥለው ይችላል። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካየሽ በፍቅር ምከሪው።

ቤተ ክርስቲያን አስክሌፒዮስን በቸልታ አላለፈችውም፤ አምልኮውን ተቃውማለች። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በኪልቅያ በኤጌ የነበረውን መቅደሱን እንዳፈረሰ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፏል። ሕክምናን ግን አላፈረሰችም። ኅዳር 22 የምናስባቸው ሰማዕታት ቆዝሞስና ድምያኖስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ገንዘብ ሳይቀበሉ ያክሙ ነበር። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ተጽፏል። በሀገራችንም ሰዎች ለጠበል ብለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። «እባቡ ሰይጣን ነው» የሚለው ወሬ በባጅ ላይ አይቆምም። በክትባቱም፣ በመድኃኒቱም፣ በአምቡላንሱም ላይ ይህ ምልክት ሊገኝ ይችላል። አንዲት እናት ፈርታ ልጇን ሳታስከትብ ብትቀር ጉዳቱ በሕፃኑ ላይ ነው። እኅታችን ክፉ አላሰበችም፤ ለነፍስሽ ሳስታ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ሐዋርያት ሥራ 28ን ከፍተሽ አብራችሁ አንብቡት።

መሐላውን በተመለከተ፣ በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊው ጽሑፍ በእርግጥ በአፖሎ፣ በአስክሌፒዮስና በልጆቹ ስም ይጀምራል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚነበበው ግን የኋላ ዘመን ቃል ኪዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው የሐኪሞች ቃል ኪዳን፣ በጄኔቫ መግለጫ ውስጥ ለምሳሌ የአማልክት ስም የለም። የማላችሁበትን ወረቀት አግኝተሽ አንብቢው። ሕመምተኛን ላልጎዳ፣ ምስጢሩን ልጠብቅ የሚል ከሆነ ጠብቂው፤ መልካም ቃል ነው። የጣዖት ስም ጠርታችሁ ከሆነ ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው ያሳርፉሻል። በባጁ ምክንያት ግን ከቅዱስ ቁርባን እንዳትቀሪ።