ለትልቅ አምባዛ ዓሣ ትሉን ተወው

አቦ ወንድሜ፣ «በትል ሳጠምድ ትናንሹ አምባዛ ብቻ ነው የሚያዝልኝ፣ ትልቁን በምን ላምጣው?» ብለሃል። እኔም ከድሬ ወደ አዋሽ ወንዝ ወጣ ስል የገጠመኝ ይኸው ነበር። ትል መጥፎ አይደለም፤ ግን ያገኘው ትንሽ ዓሣ ሁሉ ይሻማበታል። ትልቁ ሳይደርስ መንጠቆህ ባዶ ይቀራል።

ትንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ካገኘህ ለማጥመጃ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ወፈር አድርገህ ቁረጠው። ጭንቅላቱን በተለይ አትጣለው፤ ጠንካራ ስለሆነ ትናንሾቹ ቦጭቀው አይጨርሱትም። መንጠቆውም ተለቅ ይበል፣ ጫፉ ደግሞ ከሥጋው ወጣ ብሎ ይታይ። ሥጋው ውስጥ ከተቀበረ አምባዛው ይጎትትና ይተፋዋል።

ቆሮሶ ከሌለ ከድሬው ከፊራ ገበያ የዶሮ ጉበት ይዘህ ሂድ። ጉበት ስትወረውረው ይበጣጠሳል፣ ስለዚህ በልብስ ስፌት ክር ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥመህ እሰረው። ውሃ ሲነካው ደሙ ቀስ እያለ ይወጣል። አንተ የምትፈልገውም እሱን ነው። አምባዛ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በማሽተትና በጢሞቹ ነው። ደሙ ታጥቦ ጉበቱ ሲነጣ ቀይረው። ቤንዚን ወይም ሳሙና በነካ እጅ ግን አትንካው፣ እባክህ።

ሰዓቱ ከመሸ በኋላ ነው፤ ትልልቆቹ ያኔ ወደ ዳር ይጠጋሉ። አዋሽ ከሆነ የምትሄደው ግን አዞ አለና በጨለማ ብቻህን ውሃው ጫፍ ላይ እንዳትቀመጥ።